ክብደት አከፋፋይ ጋንቾ የሚመረጠው ሚዛን ላይ ነው

ተሳቢ ሲያያዝ የመኪናው ኋላ ይወርዳል፣ አፍንጫው ቀና ይላል። አብዛኛው ሰው የሚያየው የወረደውን ኋላ ነው፤ ስለዚህ ሞላ ያስጠነክራል፣ ባሌስትራ ያስጨምራል፣ ወይም የአየር ከረጢት ያስገባል። ዋናው ችግር ያለው ግን ፊት ነው። ክብደት የሸሸው የፊት ጎማ መሪውን ያቀላል። እርጥብ መንገድ ላይ መታጠፊያ ሲመጣ መኪናው አልታጠፍም ብሎ ቀጥ ማለት ይፈልጋል። ከባዱን ሥራ የሚሠራው የፊት ፍሬን መሬቱን የሚቆነጥጥበት አቅም ያጣል። ማታ ደግሞ መብራቱ ወደ ላይ ይተኮሳል፤ ከፊት የሚመጣው ሹፌር ዓይኑ ይታወራል፣ እናንተም መንገዱን በደንብ አታዩም።

ክብደት አከፋፋይ ጋንቾ፣ ማለትም ተሳቢውን ከመኪናው ጋር እያያያዘ ክብደቱንም የሚያከፋፍለው መጎተቻ፣ የሚገዛው ይህንን የፊት ጎማ ወደ ሥራው ለመመለስ ነው። ይህን ከያዛችሁ "የትኛውን ልግዛ?" የሚለው ጥያቄ ግማሹ ተመልሷል። የአየር ከረጢትና ተጨማሪ ባሌስትራ ኋላውን ቀና ያደርጉታል፣ ሲያዩትም ያምራል። ሚዛን ላይ ሲወጣ ግን ከፊት አክስል የጎደለው ኪሎ እንደጎደለ ነው።

ኪሎው የት ይሄዳል?

መኪናው የኋላ አክስሉን ተደግፎ እንደ መፈንቅል ይሠራል። ኋላውን ስትጫኑት ፊቱ ይነሣል። በቁጥር እንየው። ተሳቢው ኳሱ ላይ፣ ማለትም አፉ በሚቀመጥበት ከመኪናው ኋላ ባለው ክብ ብረት ላይ፣ የሚጥለው 300 ኪሎ ነው እንበል፤ ከኋላ አክስል እስከ ኳሱ 1.4 ሜትር፣ ከፊት አክስል እስከ ኋላ አክስል 3.5 ሜትር። 300ን በ1.4 አባዝታችሁ ለ3.5 ስታካፍሉ 120 ይመጣል። ከፊት አክስል የሚነሣው ይህ 120 ኪሎ ነው። የኋላው አክስል ላይ የሚጨመረው ደግሞ 300 ሳይሆን 420 ኪሎ ነው፤ ከፊት የተነሣውም እሱ ላይ ይወድቃልና። ብዙ ሰው የኋላ ጎማውን ከአቅም በላይ የሚጭነው ይህችን 120 ሳይቆጥራት ነው።

ክብደት አከፋፋዩ እንደ ሞላ የሚተጣጠፉ ሁለት የብረት ዘንጎች አሉት። አንደኛው ጫፋቸው ከኳሱ ሥር ባለው የጋንቾው ራስ ውስጥ ይሰካል። ሌላው ጫፋቸው ወደ ኋላ ሄዶ ከተሳቢው አንገት ጋር፣ ማለትም ወደ ኳሱ እየጠበበ ከሚመጣው የሻንሲው ክፍል ጋር፣ በሰንሰለት ወይም በማረፊያ ብረት ወደ ላይ ተወጥሮ ይያዛል። የእጅ ጋሪን መያዣ ወደ ላይ ስታነሡ ክብደቱ ወደ ፊት ጎማው እንደሚሄደው ሁሉ፣ የተወጠሩት ዘንጎችም የመኪናውን አፍንጫ ወደ መሬት ይመልሱታል፤ የተሳቢውንም አክስል ይጫኑታል።

በዚያው ምሳሌ ከኳሱ እስከ ተሳቢው አክስል 5 ሜትር ይሁን። ከ120ው 60 ኪሎ ወደ ፊት እንዲመለስ ዘንጎቹን ስትወጥሩ የኋላው አክስል ጭማሪ ከ420 ወደ 327 ይወርዳል፣ 33 ኪሎ ገደማ ደግሞ ወደ ተሳቢው አክስል ይሄዳል። 120ውን ሙሉ በሙሉ ከመለሳችሁት የኋላው ጭማሪ 234፣ የተሳቢው 66 ይሆናል። ደምራችሁ ብታዩት ሁልጊዜም ያው 300 ነው። ጋንቾው ክብደት አያጠፋም፤ ቦታ ነው የሚያስቀይረው።

"እንግዲያው ሙሉውን መመለስ አይሻልም?" የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ቀድሞ ብዙዎች እንደዚያ ያደርጉ ነበር፤ ፊትና ኋላው እኩል እስኪወርድ ድረስ መወጠር ትክክል ይመስል ነበር። ዛሬ ብዙ የመኪና መመሪያ መጻሕፍት ከጎደለው ግማሽ ያህሉ እንዲመለስ ይጠይቃሉ። ምክንያቱ ጠንካራ ነው፦ ፊቱ ሲከብድና ኋላው ሲቀል፣ መታጠፊያ ላይ ተሳቢው የመኪናውን ኋላ ወደ ውጭ ሲገፋው የኋላ ጎማ መቋቋም ያቅተዋል፤ ኋላው ይንሸራተታል፣ ተሳቢና መኪናም እንደ ሰንጢ ይታጠፋሉ። ከመጠን ያነሰ ውጥረት መሪን ያቀላል፤ ከመጠን ያለፈ ውጥረት ደግሞ የመኪናውን ኋላ ያንሸራትታል። ሁለተኛው የበለጠ ያሰጋኛል፤ ቀጥታ መንገድ ላይ ምንም ምልክት አያሳይምና።

ከሁሉ በፊት ሁለት ነገር አንብቡ

አንዱ የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ነው። አንዳንድ አምራቾች ይህንን ጋንቾ ከተወሰነ ክብደት በላይ ግዴታ ያደርጉታል፤ አንዳንዶቹ ጭራሽ ይከለክሉታል። የሚከለክሉት በዋናነት ሻንሲና ገላው አንድ ላይ በተሠራ መኪና ላይ፣ ጋንቾው የሚታሰርበት ቦታ ጠመዝማዛ ኃይልን እንዲሸከም ስላልታሰበ ነው። የተከለከለ ከሆነ ጉዳዩ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ቀለል ያለ ተሳቢ ፈልጉ ወይም መኪና ቀይሩ። ኋላውን በራሱ የሚያስተካክል የአየር ሞላ ያለው መኪና ከሆነ ደግሞ ጋንቾው ሲስተካከል ሲስተሙ መጥፋት አለበት ወይስ የለበትም የሚለውን ከዚያው መጽሐፍ እዩ፤ ሲስተሙ እየሠራ የለካችሁት ቁመት ይዋሻችኋል።

ሁለተኛው ከመኪናው ሥር ሪሲቨሩ ላይ የተለጠፈው ምልክት ነው። ሪሲቨር የምለው ጋንቾው የሚሰካበትን ባለ አራት ማዕዘን ጉሮሮ ነው። ብዙ ጊዜ ሁለት መስመር አለው፦ አንዱ በተራ ኳስ ሲጎተት የሚችለው፣ ሌላው በክብደት አከፋፋይ ሲጎተት የሚችለው። ለምሳሌ በመጀመሪያው 2,270 ኪሎ ተሳቢና ኳሱ ላይ 227 ኪሎ፣ በሁለተኛው 4,540 ኪሎና 454 ኪሎ ሊል ይችላል። ሁለተኛው መስመር ከሌለ ወይም ክብደት አከፋፋይ አይፈቀድም የሚል ከሆነ፣ የፈለገ ውድ ጋንቾ ብትገዙ ሪሲቨሩ ላይ ያለው ብየዳ ነው የሚከፍለው። ትልቁ ቁጥር ደግሞ የሪሲቨሩ ብቻ ነው፤ መኪናው ራሱ፣ ጎማው፣ የኋላ አክስሉ የየራሳቸው ወሰን አላቸው። ከሁሉ ትንሹ ቁጥር ገዥ ነው።

ኳሱ ላይ የሚያርፈውን ክብደት መለካት

ምርጫው የሚበላሸው ከሁሉ በላይ እዚህ ላይ ነው። ሰው የተሳቢውን የሽያጭ ወረቀት ያነሣና "ኳስ ላይ 210 ኪሎ" የሚለውን አይቶ ዘንግ ያዝዛል። ያ ቁጥር ባዶ ተሳቢ ነው። ባትሪ የለውም፤ አንድ ትልቅ ባትሪ ከ25 እስከ 30 ኪሎ ይመዝናል፣ የሚቀመጠውም አንገቱ ላይ ነው። ጋዝ የለውም፤ 9 ኪሎ ጋዝ የሚይዝ ብረት ሲሊንደር ሲሞላ 17 ኪሎ ገደማ ነው፣ እሱም አንገቱ ላይ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም ሁለት ነው። የውኃ ታንከሩ ከተሳቢው አክስል ፊት ከሆነ እያንዳንዱ ሊትር ኳሱ ላይ ይጨምራል፤ ከኋላ ከሆነ ይቀንሳል። በዚህ ላይ የፊት ሣጥን ውስጥ የሚታጨቀው አለ። 210 የተባለው ተሳቢ 300 ቢመዝን የሚያስገርም አይደለም።

ጤናማው መጠን ከተጫነ ተሳቢ ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ ነው። 2,500 ኪሎ የሚመዝን ተሳቢ ኳሱ ላይ ከ250 እስከ 375 መጣል አለበት። ከ10 በመቶ በታች ሲሆን ተሳቢው ጭራው ከብዶታል፤ ነፋስ ወይም የሚያልፍ ከባድ መኪና ሲነካው መወዛወዝ ይጀምራል። ይህንን ምንም ጋንቾ አያድነውም፤ ዕቃውን ወደ ፊት ማዛወር ብቻ ነው መድኃኒቱ። በአውሮፓ አሠራር የተሠሩ ቀላል ተሳቢዎች ኳሱ ላይ ብዙውን ጊዜ ከ75 እስከ 100 ኪሎ ብቻ ነው የሚጥሉት፤ እነሱ በሌላ ስሌት የተሠሩ ናቸውና ይህ ጽሑፍ አይመለከታቸውም።

ለመለካት የቤት የሰው ሚዛን ይበቃል። አንድ ጠንካራ እንጨት ውሰዱ፤ አንዱን ጫፍ ሚዛኑ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ ከሚዛኑ ጋር እኩል ከፍታ ባለው ጡብ ላይ አሳርፉ። በሁለቱም ጫፍ በእንጨቱና በሚያርፍበት ነገር መካከል ቀጭን ቱቦ አድርጉ፤ ክብደቱ በአንድ መስመር ላይ እንዲያርፍ ነው። ከጡቡ በኩል ካለው ቱቦ 30 ሳንቲሜትር፣ ከሚዛኑ በኩል ካለው 60 ሳንቲሜትር በሆነ ቦታ ላይ የተሳቢውን አፍ በቱቦ ደግፋችሁ አሳርፉ። ሚዛኑ ያሳየውን በ3 አባዙ። ተሳቢው ጎማው ተቆልፎ፣ ወለሉ ደልዳላ ሆኖ፣ አፉም በጉዞ ላይ በሚሆንበት ከፍታ ላይ መሆን አለበት፤ በጣም ዝቅ ካለ ቁጥሩ ይዛባል። እንጨቱ ሲንሸራተት የተሳቢው አንገት እንዳለ ይወርዳልና እግራችሁን ከሥሩ አርቁ፣ ክሪኩንም ሙሉ በሙሉ አታንሡት።

የተሻለው ግን የከባድ መኪና ሚዛን ነው፤ እያንዳንዱን አክስል ለየብቻ የሚያነብ ከሆነ የምትፈልጉትን ሁሉ ይሰጣችኋል። ሦስት ጊዜ መዝኑ። አንድ፦ መኪናው ብቻውን፣ ሰውና ዕቃው እንዳለ፣ ነዳጁ ሞልቶ። ሁለት፦ ተሳቢው ተያይዞ፣ ዘንጎቹ ሳይወጠሩ። ሦስት፦ ዘንጎቹ ተወጥረው። የሁለተኛው የመኪና አክስሎች ድምር ሲቀነስ የአንደኛው ድምር ኳሱ ላይ ያለውን ትክክለኛ ክብደት ይሰጣል። የአንደኛውና የሁለተኛው የፊት አክስል ልዩነት ምን ያህል እንደጎደለ፣ ሦስተኛው ደግሞ ምን ያህል እንደተመለሰ ያሳያል። ጋንቾውን ገና ካልገዛችሁ ሁለቱን ምዘና ብቻ አድርጉ፤ ለመምረጥ ይበቃል።

የዘንጉ አቅም

ዘንጎች ብዙውን ጊዜ በፓውንድ ነው የሚመደቡት፦ 600፣ 800፣ 1,000፣ 1,200። በኪሎ 272፣ 363፣ 454 እና 544 ማለት ነው። ስትመርጡ የኳሱን ክብደት ብቻ አትውሰዱ። ከመኪናው የኋላ አክስል በስተኋላ የምትጭኑት ዕቃም ያንኑ መፈንቅል ይጫነዋል፤ ማቀዝቀዣው፣ የመሣሪያ ሣጥኑ፣ ጄኔሬተሩ። ኳሱ ላይ 300፣ ከኋላ አክስል በኋላ 80 ኪሎ ካለ፣ የምትፈልጉት ለ380 ነው። የ363ቱ አይበቃም፣ የ454ቱ ልክ ነው።

"ይበልጥ ጠንካራ ይሻላል" ብሎ 544 መግዛት ግን ስህተት ነው። ጠንካራ ዘንግ ትንሽ ሲተጣጠፍ ብዙ ኃይል ይሰጣል። መንገዱ ሲጎደጉድ ኃይሉ ድንገት ይወጣል፣ ድንገት ይወርዳል፤ ያንን ምት የሚቀበለው የተሳቢው አንገት ብየዳ ነው። ለስለስ ያለ ዘንግ ግን ረጅም መተጣጠፍ ስላለው ጉብታውን እየዋጠ ውጥረቱን ሳያዛባ ይሄዳል። ተወጥሮ ትንሽ ቅስት የማይሠራ ዘንግ ለጭነታችሁ ከመጠን በላይ ጠንክሯል። በተቃራኒው ደካማ ዘንግ ጭራሹን ሲቀስት ታዩታላችሁ፤ ሰንሰለቱን የፈለጋችሁትን ያህል ብታሳጥሩ የፊት ጎማው አይመለስም፣ ውሎ አድሮም ዘንጉ ጎብጦ ይቀራል።

ጋንቾው ራሱ ከነዘንጎቹ ከ35 እስከ 50 ኪሎ ይመዝናል። ይህ ከመኪናው የመጫን አቅም ላይ ይቀነሳል፤ ብዙ ሰው የሚረሳው ኪሎ ነው።

ዓይነቶቹ

ቀላሉና ርካሹ በሰንሰለት የሚንጠለጠለው ነው። ክብደት የማከፋፈል ሥራውን ከውዶቹ ባልተናነሰ ይሠራል። መወዛወዝን ግን አይቃወምም፤ ሰንሰለት ግራና ቀኝ የሚይዘው ነገር የለውምና። ለዚህ ብዙ ጊዜ ለብቻው የሚገዛ የፍትጊያ ዘንግ በጎኑ ይጨመርበታል። እሱ ኋሊት ሲነዳ መፈታት አለበት፤ ካልተፈታ በጠባብ መዞሪያ ይጎብጣል ወይም የታሰረበትን ትንሽ ኳስ ይነቅላል። በሚያንሸራትት መንገድ ላይም መላላት አለበት፤ ተሳቢው ከመታጠፊያ ወጥቶ ከመኪናው ጋር እንዳይስተካከል ይይዘዋልና። ከ5 ሜትር ላነሰና ዝቅ ላለ ተሳቢ ይህ ስልት ይበቃል፣ ብዙ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም።

ሁለተኛው ዓይነት ሰንሰለት የለውም፤ ዘንጎቹ አንገቱ ላይ በታሠረ ማረፊያ ብረት ላይ ተጭነው ይንሸራተታሉ። ተሳቢው ግራ ቀኝ ሊል ሲል ዘንጉ በማረፊያው ላይ ስለሚፋተግ ይይዘዋል። ፍትጊያው ሁልጊዜ አብሮ ስላለ የሚፈታና የሚታሰር ተጨማሪ ዕቃ የለም፣ ኋሊት መንዳትም ይቻላል። ግድግዳው ከፍ ያለ፣ ከ6 ሜትር የሚበልጥ ተሳቢ ላለው ሰው እኔ የምመክረው ይህንን ነው። ጉድለቱ ጩኸት ነው፦ በመታጠፊያ ላይ ብረት በብረት ይንጫጫል። ግራሶ ከመቀባታችሁ በፊት ግን የዕቃውን ወረቀት አንብቡ። አንዳንዱ ይፈቅዳል፣ አንዳንዱ ይከለክላል፤ መወዛወዙን የሚይዘው ፍትጊያው ስለሆነ ማረፊያውን ማቅለስለስ ለዚሁ የገዛችሁትን ነገር ማጥፋት ሊሆን ይችላል።

ዘንጉ ጎድጓዳ ማረፊያ ላይ ተቀምጦ ተሳቢውን ወደ ቀጥታ መስመር የሚመልስ ዓይነትም አለ። ደህና ነው፤ ግን ግራና ቀኙ በትክክል ካልተስተካከለ ተሳቢውን ወደ አንድ ጎን ይስበዋል። በመጨረሻም ኳሱን በበርካታ ማያያዣ ክንዶች የሚተካ በጣም ውድና ከባድ ዓይነት አለ፤ ተሳቢው የሚዞርበትን ነጥብ ወደ መኪናው የኋላ አክስል አቅራቢያ ያዛወረ ያህል ይሠራል፣ በዚህም መወዛወዝ ከመነሻው እንዳይጀምር ያደርጋል። ለረጅም ተሳቢና አጭር መኪና ዋጋው ይገባዋል፤ ለሌላው ግን ትርፍ ነው።

ተሳቢያችሁ በራሱ ግፊት የሚሠራ ፍሬን ካለው ተጠንቀቁ። ያ ፍሬን የሚሠራው የተሳቢው አፍ ወደ ኋላ ሲንሸራተት ነው። ማረፊያ ላይ የሚፋተግ ዘንግ ያንን መንሸራተት ሊይዘውና ፍሬኑን ሊያሰንፈው ይችላል። በሰንሰለት የሚንጠለጠለው ብዙ ጊዜ ይስማማዋል፤ ቢሆንም የጋንቾው አምራች በጽሑፍ መፍቀዱን አረጋግጡ።

ኳሱ፣ ሻንኩ፣ አንገቱ

የኳሱ ስፋት ከተሳቢው አፍ ጋር አንድ መሆን አለበት፤ አፉ ላይ ተቀርጾ ታገኙታላችሁ። 50 ሚሊሜትርና 2 ኢንች አንድ ይመስላሉ፤ 2 ኢንች ግን 50.8 ነው፣ ለ50 በተሠራ አፍ ውስጥ ይጣበቃል ወይም መቆለፊያው በትክክል አይዘጋም። ከበድ ያሉት ተሳቢዎች በአብዛኛው 2 ከ5/16 ኢንች፣ ማለትም 58.7 ሚሊሜትር ኳስ ነው የሚፈልጉት። 2 ኢንች ኳስ በዚያ አፍ ውስጥ ገብቶ የተቆለፈ ሊመስል ይችላል፤ የመጀመሪያው ጉብታ ላይ ይወጣል።

የኳሱ ዳዶ በእጅ ስሜት አይጠበቅም። ቶርክ ሬንች፣ ማለትም የጥብቀቱን ልክ የሚያሳይ ቁልፍ፣ ያስፈልጋል። የኳሱ እግር 3/4 ኢንች ከሆነ 217፣ 1 ኢንች ከሆነ 339፣ 1 ከ1/4 ከሆነ 610 ኒውተን ሜትር የተለመደው ልክ ነው፤ ዕቃው ላይ የተጻፈ ሌላ ቁጥር ካለ እሱ ይቀድማል። 610 ተራ ቁልፍ የሚሰጠው ኃይል አይደለም፤ ጋራዥ ያስፈልጋችኋል።

ሻንኩ፣ ማለትም ሪሲቨሩ ውስጥ የሚገባው ባለ ቀዳዳ ብረት፣ ተገልብጦ ወደ ላይም ወደ ታችም ይሠራል። ከማዘዛችሁ በፊት ሁለት ነገር ለኩ፦ ተሳቢው ደልዳላ ሆኖ ሲቆም የአፉ የላይኛው ጠርዝ ከመሬት ያለው ከፍታ፣ እና የሪሲቨሩ ቀዳዳ ከፍታ። ኳሱ ከአፉ ጋር እኩል ወይም እስከ 25 ሚሊሜትር ከፍ ብሎ መነሣት አለበት፤ ሲጫን ይወርዳልና። አንገቱንም እዩት። ማረፊያው ወይም የሰንሰለት ማንጠልጠያው የሚታሰርበት ቦታ ላይ የጋዝ ሲሊንደር፣ የባትሪ ሣጥን ወይም ደረጃ ካለ ቀድማችሁ ማወቅ አለባችሁ። አንገቱ ባዶ ጎን ባለው ቀጭን ብረት ከተሠራ የማንጠልጠያው ቡሎን ሲጠበቅ ብረቱ ይጨመደዳል፤ ከውስጥ ማጠናከሪያ ያስፈልገዋል።

ማስተካከል

ደልዳላ ቦታ ምረጡ። ተሳቢው ለጉዞ እንደሚሆነው ይጫን፣ ውኃውም ጭምር። መኪናውም እንደዚያው። የጎማ ነፋስ ከማንኛውም ልኬት በፊት ይስተካከል።

በመጀመሪያ መኪናው ብቻውን ቆሞ ከመሬት እስከ ፊት ፓራፋንጎ ጠርዝ ድረስ በጎማው መሃል አቅጣጫ ለኩና ጻፉ። 880 ሚሊሜትር ይሁን። ተሳቢውን አያይዙ፣ ዘንጎቹን ሳትወጥሩ ድጋሚ ለኩ። 910 ሆነ እንበል፤ አፍንጫው 30 ሚሊሜትር ተነሥቷል። መመሪያ መጽሐፉ ግማሽ ይመለስ ካለ የምትፈልጉት 895 ነው። ሙሉ ይመለስ ካለ 880። ከ880 በታች ከወረደ ከልክ አልፋችኋል።

ዘንጎቹን ለመስቀል በጉልበት አትታገሉ። አፉ ኳሱ ላይ ተቆልፎ እያለ የተሳቢውን ክሪክ ወደ ላይ አዙሩ፤ የተሳቢው አንገትና የመኪናው ኋላ አብረው ይነሣሉ፣ ዘንጎቹም ይላላሉ። ያን ጊዜ ሰንሰለቱ ወይም ዘንጉ በቀላሉ ቦታው ይገባል። ማንጠልጠያውን በቱቦ ስታዞሩ ፊታችሁንና ክንዳችሁን ከቱቦው መንገድ አውጡ፤ ካመለጠ ተመልሶ የሚመታው ኃይል አጥንት ይሰብራል። ይህንን በጥብቅ የምናገረው ነው፤ ሲያወልቁም ያው ነው፣ ክሪኩ መጀመሪያ ይነሣ።

ውጥረቱ ካነሰ በሰንሰለቱ አንድ ቀለበት አሳጥሩ፣ በሁለቱም በኩል እኩል። ማረፊያ ያለው ከሆነ አንድ ቀዳዳ ከፍ አድርጉት። ይህ ካልበቃ የጋንቾው ራስ ወደ ኋላ ይዘንበል፤ ብዙዎቹ ላይ ይህ የሚሆነው በራሱ ውስጥ ሮንዴላ በመጨመር ነው። ራሱ ሲዘነብል የዘንጎቹ ጫፍ ከመሰቀሉ በፊት ዝቅ ይላል፣ ስለዚህ ሲሰቀሉ ይበልጥ ይወጠራሉ። በሰንሰለት የሚሠራ ከሆነ በዘንጉ ጫፍና በማንጠልጠያው መካከል ቢያንስ 5 ቀለበት ይቅር። ከዚያ ካጠረ በመታጠፊያ ላይ ሰንሰለቱ የሚሄድበት ርዝመት ያጣና ይጣበቃል፤ ማንጠልጠያውን ይነቅላል ወይም ይበጠሳል። 5 ቀለበት ሳይቀር ልኩ ካልመጣ መልሱ ራሱን ማዘንበል ነው እንጂ ሰንሰለቱን ማሳጠር አይደለም።

በመጨረሻ ራቅ ብላችሁ ተሳቢውን ከጎን እዩት። ደልዳላ ወይም አፍንጫው ትንሽ ዝቅ ያለ ይሁን። አፍንጫው ቀና ያለ ተሳቢ የመወዛወዝ ዝንባሌ አለው፤ ባለ ሁለት አክስል ከሆነ ደግሞ ጭነቱ ወደ ኋለኛው አክስል ያጋድላል። የሻንኩን ቀዳዳ አንድ ዝቅ አድርጉና ልኬቱን ከመጀመሪያው ድገሙት፤ ኳሱ ሲወርድ የዘንጎቹም ማዕዘን ይቀየራልና።

መንገድ ላይ

ዘንጎቹ ሁልጊዜ ይሰቀሉ ማለት አይደለም። ጥልቅ ቦይ ስታቋርጡ ወይም መንገዱ በድንገት ሽቅብ ሲሆን በመኪናውና በተሳቢው መካከል ያለው ማዕዘን ዘንጎቹን ከልክ በላይ ይወጥራል። እንዲህ ያለውን ቦታ በዝግታ ለማለፍ ዘንጎቹን ማውለቅ የተሳቢውን አንገት ያድነዋል። ካለፋችሁ በኋላ መልሳችሁ ስቀሏቸው።

ሁሉም ነገር ተስተካክሎም ቁልቁለት ላይ መወዛወዝ ከመጣ፦ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፣ ነዳጁን ልቀቁ፣ የተሳቢውን ፍሬን በእጅ መቆጣጠሪያው ብቻውን ያዙት። መሪን ግራ ቀኝ እያሉ ለመከተል መሞከር መወዛወዙን ያባብሰዋል፤ የመኪናውን ፍሬን በኃይል መርገጥም ተሳቢው ከኋላ እንዲገፋችሁ ያደርጋል። ከቆማችሁ በኋላ ጋንቾውን ሳይሆን መጀመሪያ ጭነቱን ፈትሹ። ከኋላ የታሰረ ብስክሌት፣ የሞላ የኋላ ታንከር ወይም የተንሸራተተ ዕቃ ታገኛላችሁ።

የደኅንነት ሰንሰለቶቹ ከአፉ ሥር ተጠላልፈው ይታሰሩ፤ አፉ ከኳሱ ቢወጣ አንገቱ መሬት ከመምታቱ በፊት እንዲቀበሉት ነው። የዘንጎቹ መያዣ ፔርኖዎችና ክሊፖች ነዳጅ በምትቀዱበት ሁሉ በዓይን ይታዩ። ኳሱና የዘንጎቹ መሰኪያ ቀለል ያለ ግራሶ ይፈልጋሉ፤ አሸዋ ሲይዝ ግን ግራሶው እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይበላልና አሮጌውን ጠርጋችሁ ነው የምትቀቡት። አዲስ ጋንቾ ከታሰረ በኋላ 80 ኪሎሜትር ገደማ ሄዳችሁ ቁሙና የራሱን፣ የማረፊያውንና የማንጠልጠያውን ቡሎኖች በሙሉ በቶርክ ሬንች ድገሙ። ቀለሙ ሲፋቅ ብረቱ ይቀመጣል፣ ቡሎኑም ይላላል። ከዚያ በኋላ ተሳቢው የሚይዘው ዕቃ በጉልህ በተቀየረ ቁጥር የፓራፋንጎውን ቁመት እንደገና ለኩ፤ ባዶ የውኃ ታንከር ብቻ እንኳ የአንድ ቀለበት ልዩነት ሊያመጣ ይችላል።